ነጥቡ የሚቆጠረው በምን ላይ ነው? ጨዋታና የሥራ ቦታ ደህንነት

በብዙ ፋብሪካዎችና የግንባታ ሥፍራዎች መግቢያ ላይ አንድ ሰሌዳ ተሰቅሎ ይታያል። «ያለ አደጋ የሠራንባቸው ቀናት» ይላል፤ ከሥሩ ቁጥር አለ። ቁጥሩ በየማለዳው በአንድ ከፍ ይላል፤ አንድ ሰው ቆስሎ ከሥራ የቀረ ዕለት ወደ ዜሮ ይመለሳል። መቶኛው ወይም አምስት መቶኛው ቀን ሲደርስ ሽልማት የሚሰጡ ድርጅቶችም አሉ። ማንም ጨዋታ ብሎ አይጥራው እንጂ ሰሌዳው ጨዋታ የሚያስፈልገው ሁሉ አለው፤ ነጥብ አለው፣ ግብ አለው፣ ማሸነፍና መሸነፍ አለው። ሠራተኛውን በደህንነት ጉዳይ ለማሳተፍ ጨዋታን የመጠቀም ሐሳብ ዛሬ በስልክ መተግበሪያ አጊጦ ቢመጣም፣ የቀደመ መልኩ ይኸው ሰሌዳ ነው። ችግሩም ከሰሌዳው ይጀምራል።

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 20 ቀን 2010 በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ነዳጅ ይቆፍር የነበረው ዲፕዋተር ሆራይዘን የተባለ ተንሳፋፊ መድረክ ፈንድቶ 11 ሠራተኞች ሞቱ። በዚያው ዕለት ጉድጓዱን ያስቆፍር የነበረው የቢፒና የመድረኩ ባለቤት የሆነው የትራንስኦሽን ኩባንያዎች የሥራ ኃላፊዎች መድረኩ ላይ ነበሩ። ከመጡበት ጉዳይ አንዱ፣ ሠራተኛው ከሥራ የሚያስቀር አደጋ ሳይደርስበት ሰባት ዓመት መዝለቁን አንስቶ ማመስገን ነበር። በቀጣዩ ዓመት ትራንስኦሽን የሰው ሕይወት መጥፋቱ አሳዛኝ እንደሆነ ገልጾ፣ በቁጥር ሲለካ ግን ያለፈው ዓመት በኩባንያው የደህንነት ታሪክ ምርጡ እንደነበር ለባለአክሲዮኖቹ ጻፈ፤ ለከፍተኛ ኃላፊዎቹም የደህንነት ጉርሻ ፈቀደ። ቁጣ ሲነሳ ኃላፊዎቹ ጉርሻውን ለሟቾች ቤተሰቦች እንደሚሰጡ አስታወቁ። የሚገርመው በቁጥሩ ላይ የስሌት ስህተት አለመኖሩ ነው። የተቆጠሩት የተቆረጡ ጣቶችና የተንሸራተቱ እግሮች ነበሩ። መድረኩን ሊያፈነዳ የሚችለው የጉድጓዱ ግፊት በዚያ ሰሌዳ ላይ ቦታ አልነበረውም።

ጉዳት አለመድረሱን መሸለም ሌላም መዘዝ አለው፤ እሱ ደግሞ ድምፅ የለውም። በአሜሪካ ለብዙ ዓመታት የተለመደ የደህንነት ቢንጎ የሚባል ጨዋታ አለ። አደጋ ሳይደርስ ያለፈ ቀን አንድ ቁጥር ይወጣል፤ ካርዱን የሞላ ሠራተኛ የተጠራቀመውን ገንዘብ ይወስዳል። አንድ ሰው ከቆሰለ ግን የሁሉም ካርድ ይሰረዛል፣ ገንዘቡም ከመነሻው ይጀምራል። እንግዲህ አንድ ሠራተኛ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መዳፉን ብረት ቆረጠው እንበል። ባልደረቦቹ ካርዳቸውን ለመሙላት አንድ ቁጥር ቀርቷቸዋል። እውነቱን ቢናገር የአርባ ሰው ሽልማት በእሱ ምክንያት ይቀራል፤ በማግስቱ ፊታቸውን እንዴት ያያል? እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ ኪሱ ውስጥ ይከታል። ቁስሉ ቤቱ ሄዶ ያመረቅዛል። የቆረጠው ብረት ደግሞ ሳይነካ እዚያው ይቆያል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ እጅ ይጠብቃል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የተባለው ለሰው ብቻ ሳይሆን ለድርጅትም ይሠራል።

ይህ ከግምት ያለፈ ጉዳይ በመሆኑ የአሜሪካ የሥራ ደህንነትና ጤና አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ደንብ፣ ሠራተኛ መጎዳቱን በማሳወቁ አሠሪው የሚበቀልበትን አሠራር ከለከለ። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ማብራሪያ ሰጠ። በማብራሪያው መሠረት ለጥቂት የተረፉበትን አደጋ ያሳወቀን ሠራተኛ መሸለም ሁልጊዜም የተፈቀደ ነው። አደጋ ባልደረሰበት ወር ሽልማት መስጠትም ይቻላል፤ አሠሪው ግን ሠራተኛው ጉዳቱን እንዳይደብቅ የሚያደርግ በቂ ጥንቃቄ መውሰዱን ማሳየት አለበት። ሁለቱ ሽልማቶች እኩል እንዳልታዩ ልብ ይሏል። አንደኛው መናገርን ይሸልማል፤ ሌላው ዝምታን ሊሸልም ይችላል።

ጌሚፊኬሽን የሚባለው አሠራር ነጥብን፣ ደረጃን፣ ባጅን (የስኬት ምልክትን)፣ የቡድን ፉክክርንና ፈጣን ምላሽን የመሳሰሉ የጨዋታ ክፍሎችን ጨዋታ ባልሆነ ሥራ ውስጥ ማስገባት ነው። ለሽያጭና ለትምህርት ሲውል ዓላማው ግልጽ ነው። ለደህንነት የሚያስፈልግበት ምክንያት ግን ለየት ይላል፤ እዚህ ላይ ጥቂት መቆየት ያስፈልጋል።

ጥንቃቄ የተሞላበት ሥራ ዋጋው የማይታይ ነው። ከፍታ ላይ ሊሠራ የሚወጣ ሰው የደህንነት ቀበቶውን አስሮ፣ መንጠቆውን አጥብቆ፣ ሥራውን ጨርሶ ይወርዳል። ምን አገኘ? ምንም አልሆነም፤ ያገኘው ይኸው ነው። ሳያስር የወጣው ባልደረባውም አብዛኛውን ጊዜ በሰላም ይወርዳል፤ በዚያ ላይ አሥር ደቂቃ ተርፎታል፣ ትከሻውንም አልከበደውም። የአቋራጩ ጥቅም አሁኑኑ የሚጨበጥ ነው፤ ቅጣቱ ሩቅ ነው፣ ላይመጣም ይችላል። ሰው ከዕለት ልምዱ የሚማር ፍጡር ስለሆነ ሰባ ጊዜ ቀበቶ ሳያስር በሰላም የወረደ ሠራተኛ ሰባ ጊዜ የተሳሳተ ትምህርት ተምሯል። ይህን የሚያደርገው ስንፍና ወይም ድፍረት ነው ብሎ መደምደም ለአለቆች ይቀላል፤ እኔ ግን አልስማማበትም። ሥራው ራሱ በየቀኑ የሚሰጠው ምላሽ የተገላቢጦሽ ነው። ጨዋታ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ ለማይታየው ጥንቃቄ የሚታይና ፈጣን ምላሽ ይሰጠዋል።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው መተግበሪያም ስማርት ስልክም ከመምጣቱ በፊት የተሠራ ጥናት ነው። ጁዲ ኮማኪና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1978 ያሳተሙት ይህ ጥናት በአንድ ትልቅ የዳቦ ፋብሪካ ሁለት ክፍሎች ላይ የተካሄደ ነበር። ተመራማሪዎቹ መጀመሪያ «ተጠንቀቁ» የሚለውን ትእዛዝ ትተው በዓይን ሊታዩ የሚችሉ ድርጊቶችን ዘረዘሩ። ለምሳሌ ከማጓጓዣ ቀበቶው ላይ የዳቦ መጋገሪያ ትሪ ሲነሳ በአንድ ጊዜ ከሁለት መብለጥ የለበትም። ከዚያ ለሠራተኞቹ ትክክለኛውንና የተሳሳተውን አሠራር በፎቶ አሳዩአቸው፤ የጋራ ግብ አስቀመጡ፤ ከዚያ በኋላ ክፍሉ በምልከታው ወቅት ከሠራው ሥራ በመቶ ስንቱ በጥንቃቄ እንደተሠራ የሚያሳይ ግራፍ ሁሉም በሚያየው ቦታ ሰቀሉ። የማንም ስም አልተጻፈም። በአንደኛው ክፍል በጥንቃቄ የሚሠራው ሥራ ከ70 ወደ 95.8 በመቶ፣ በሌላው ከ77.6 ወደ 99.3 በመቶ ከፍ አለ። ገንዘብ አልተከፈለም፤ የተጨመረው ነገር ሰዎች የሠሩትን ማየታቸው ነበር።

ከዚያ ተመራማሪዎቹ ግራፉን አነሱት። ሁለቱም ክፍሎች ወደ ነበሩበት ተመለሱ። የጨዋታ ሻጮች ይህን የጥናቱን ክፍል አያነሱትም፤ እኔ ግን ከመጀመሪያው እኩል እመለከተዋለሁ። የመጣው ለውጥ የተያያዘው ከምላሹ ጋር ነበር፤ ስለዚህ «ሦስት ወር እንጫወትና ልማድ ይሆናል» የሚል ዕቅድ የተመሠረተው በተስፋ ላይ ነው።

ረጅም ዕድሜ የነበራቸው ሙከራዎችም አሉ። በአሜሪካ ሁለት ክፍት የማዕድን ማውጫዎች እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ከአሥር ዓመት በላይ የዘለቀ የነጥብ ሥርዓት ነበራቸው። ማዕድን ቆፋሪዎቹ በዕቃ የሚለወጥ ቴምብር ያገኙ ነበር፤ ራሳቸው ካልተጎዱ፣ ቡድናቸው ካልተጎዳ፣ ያቀረቡት የደህንነት ሐሳብ ተቀባይነት ካገኘ ይሰጣቸዋል። በዓመታቱ ውስጥ በጉዳት የሚባክነው የሥራ ቀን በእጅጉ ቀነሰ፤ የተገኘው ቁጠባም ለቴምብሩ ከወጣው ወጪ እጅግ በለጠ። ሥርዓቱ ጉዳት አለመድረሱን ይሸልም ነበርና ከላይ ያነሳሁትን የመደበቅ ችግር የሚጋብዝ ይመስላል። አዘጋጆቹ ግን ይህ አልጠፋቸውም፤ አደጋን ያላሳወቀ ሠራተኛ ቴምብሩን ይነጠቅ ነበር። ይህ ቅጣት መደበቅን ምን ያህል እንደገታ ማንም በእርግጠኝነት መለካት አይችልም፤ የተደበቀ አይቆጠርማ። ስለዚህ ከዜሮ የሚጀምር ድርጅት ያንን መንገድ እንዲመርጥ አልመክርም። ከዚህ የተሻለው መንገድ ሠራተኛው በገዛ እጁ ሊያደርገው በሚችለው ነገር ላይ ነጥብ መስጠት ነው።

ሠራተኛው ሊያደርገው ከሚችለው ሁሉ ትልቁ ማሳወቅ ነው። የአንድ መጋዘን መታጠፊያን እንውሰድ። በግራ በኩል እስከ ጣሪያ የተደረደረ ካርቶን አለ፤ በቀኝ የእግረኛ መተላለፊያ አለ። ፎርክሊፍት ከካርቶኑ ኋላ ብቅ ሲል እግረኛው አያየውም። ዛሬ አንድ ሠራተኛ በአንድ እርምጃ ተረፈ፤ ልቡ እየመታ «ተመስገን» ብሎ ወደ ሥራው ሄደ። በአብዛኞቹ ድርጅቶች ታሪኩ እዚህ ያልቃል። ነጥብ ያለው ሥርዓት ቢኖር ሠራተኛው ቦታውንና የሆነውን በአጭሩ ጽፎ አምስት ነጥብ ያገኛል፤ «ካርቶኑ በወገብ ልክ ይሁን፣ መስተዋት ይሰቀል» ብሎ መፍትሔ ከጨመረ አሥር ይሆንለታል። መስተዋቱ የተሰቀለ ዕለት ደግሞ መላው ፈረቃ ሃምሳ ነጥብ ይጨመርለታል።

የመጨረሻዋ ሃምሳ ነጥብ የተቀመጠችው ሆን ተብሎ ነው። መስተዋት የሚሰቅለው እግረኛው ሳይሆን በጀት የያዘው ኃላፊ ነው። ስለዚህ ነጥቡ እንዲገኝ ኃላፊው መንቀሳቀስ አለበት፤ ሠላሳ ሰዎችም ነጥባቸውን እየጠበቁ ዓይናቸውን ይተክሉበታል። ጨዋታ ብዙ ጊዜ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ግፊት ሆኖ ይዘጋጃል። እንዲህ ሲቃና ግን ከታች ወደ ላይም መግፋት ይችላል። የቀረቡ ጥቆማዎች በስንት ቀን እንደተመለሱ ሰሌዳ ላይ የሚለጥፍ ድርጅት በሠራተኛው ዘንድ የሚያገኘውን አመኔታ የትኛውም ባጅ አያመጣለትም። ጥቆማው ሦስት ጊዜ ሰሚ ካጣ አራተኛ የሚጽፍ ሰው የለም፤ ነጥቡ መቶም ቢሆን።

በእርግጥ ማሳወቅ ሲሸለም ማጭበርበርም ይመጣል። «አምፖል ተቃጥሏል» የሚል ጥቆማ በአንድ ሳምንት አርባ ጊዜ ሊመጣ ይችላል። ይህ ሲሆን ተቆጣጣሪዎች ይናደዱና ጨዋታውን ያፈርሱታል፤ መፍትሔው ግን ቀላል ነው። ለአንድ ሰው በሳምንት የሚቆጠርለትን ጥቆማ መገደብ፣ የተደገመውን አለመቁጠር፣ ከባድ ጉዳት ሊያስከትል ለሚችል ነገር የበለጠ ነጥብ መስጠት ይበቃል። ከማይረባ ጥቆማ መብዛት ይልቅ የሚያስፈራው ጠቋሚው መቀጣቱ ነው። በአቪዬሽን ዘርፍ ይህ አስቀድሞ ታውቆ ነበር። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1976 የተጀመረውና ናሳ የሚያስተዳድረው የበረራ ደህንነት የጥቆማ ሥርዓት አብራሪዎችና የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች ሳያውቁ የፈጸሙትን ስህተት ራሳቸው እንዲጽፉ ያደርጋል፤ ማንነታቸው ይጠበቃል፣ በጊዜው ላሳወቀ ሰውም በተወሰነ ደረጃ ከቅጣት ከለላ ይሰጣል። ነጥብም ሆነ ባጅ የለውም። ከለላው ብቻውን ሰውን ያናግራል፤ ከለላ በሌለበት ግን ነጥብ ማንንም አያናግርም።

ወደ ፉክክሩ እንምጣ። የግለሰቦችን ስም ከአንደኛ እስከ መጨረሻ የሚደረድር ሰንጠረዥ የጨዋታ አዘጋጆች ሁሉ የሚወዱት ነገር ነው። በካሊፎርኒያ የዲዝኒላንድ ሆቴሎች የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ የእያንዳንዱን ሠራተኛ ፍጥነት ከባልደረቦቹ ጋር እያነጻጸረ በስክሪን የሚያሳይ ሥርዓት ተተክሎ ነበር። ሠራተኞቹ «የኤሌክትሮኒክስ አለንጋ» የሚል ስም አወጡለት፤ እንዳይበለጡ ሲሉ መጸዳጃ ቤት መሄድ የተዉ እንደነበሩም በወቅቱ ተዘግቧል። እዚያ የሚለካው ፍጥነት ነበር፤ ይሁንና ለደህንነት የሚወጣ የስም ሰንጠረዥም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ሦስት ሰዎች ላይኛውን ቦታ ይይዛሉ። የቀሩት በሁለተኛው ሳምንት ማሸነፍ እንደማይችሉ ገብቷቸው ይተዉታል። መጨረሻ ላይ የሚገኘው ደግሞ ብዙ ጊዜ አዲስ የተቀጠረ ሠራተኛ ነው፤ ለአደጋ ይበልጥ የተጋለጠውና ይበልጥ መጠየቅ የሚገባው ሰው በሁሉ ፊት ያፍራል። ፉክክር ካስፈለገ ቡድን ከራሱ ያለፈ ወር ጋር ቢወዳደር ይሻላል። የዳቦ ፋብሪካው ግራፍ ያደረገው ይህንኑ ነበር።

ሽልማቱ ትንሽ ይሁን። ኤድዋርድ ዴሲ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው ሙከራ እንቆቅልሽ እንዲፈቱ ገንዘብ የተከፈላቸው ተማሪዎች ክፍያው ሲቆም፣ ከመጀመሪያው ሳይከፈላቸው ሲጫወቱ ከነበሩት ይልቅ ፍላጎታቸው ቀዘቀዘ። ትልቅ ሽልማት ሰውየውን ከሥራው ነጥሎ ዓይኑን ሽልማቱ ላይ ያስተክለዋል፤ ማጭበርበርንም አዋጭ ያደርገዋል። የዕጣ ሽልማት ግን ሳይበዛ ቢገባ አይከፋም። እ.ኤ.አ. በ2010 በስቶክሆልም የፍጥነት ካሜራ ጥፋተኛውን ብቻ ሳይሆን ሕግ አክባሪውንም ፎቶ እያነሳ፣ ከቅጣቱ ገንዘብ ለሕግ አክባሪዎች በዕጣ እንዲከፋፈል የሚያደርግ አጭር ሙከራ ተደርጎ ነበር፤ አማካይ ፍጥነት በሰዓት ከ32 ወደ 25 ኪሎ ሜትር ወረደ ተብሏል። ለጥቂት ቀናት የተካሄደ የማስታወቂያ ዘመቻ ስለነበር ብዙ ሸክም አይጫንበትም። እኔን የማረከኝ በትክክል የነዳውን ሰው ማየቱ ነው፤ ደህንነት ክፍሎች ጥሩ የሠራን ሰው ማየት ብዙም አይሆንላቸውም።

ለሥልጠና ሲሆን የጨዋታ ጥቅም ብዙ ክርክር የለበትም። ኸርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ሥራው እንዳሳየው አዲስ የተማርነው ነገር በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት በፍጥነት ይረሳል፤ በየጊዜው ሲደገም ግን ይጸናል። በዓመት አንድ ጊዜ ለስድስት ሰዓት አዳራሽ ውስጥ የሚሰጥ የደህንነት ሥልጠና ከዚህ ግኝት ጋር ይጣላል። በፈረቃ መግቢያ ላይ ሁለት ደቂቃ የሚወስድ አንድ ጥያቄ ይበልጠዋል። ፎቶ ላይ የተሸሸጉ አደጋዎችን የመፈለግ ጨዋታም ብዙ ያስተምራል። ከአንድ የዎርክሾፕ ፎቶ ላይ ቡድኑ የተላጠውን ገመድ፣ በሳጥን የተዘጋውን የአደጋ ጊዜ መውጫ፣ የግፊት መለኪያው ቀዩ ላይ የቆመውን የእሳት ማጥፊያ ይለቅማል። ፎቶው የሌላ ድርጅት ከሆነ ይስቃሉ፤ ትናንት ከራሳቸው ክፍል የተነሳ ከሆነ ግን ሳቁ አጠር ይላል፣ ትምህርቱ ይረዝማል።

ጨዋታ የማይደርስበት ቦታም አለ። በደህንነት ሙያ የመከላከያ እርምጃዎች በቅደም ተከተል ይቀመጣሉ፤ አደጋውን ከነጭራሹ ማስወገድ፣ በሌላ መተካት፣ በምህንድስና መከለል፣ አሠራርን መቀየር፣ በመጨረሻም ጓንትና የራስ ቁር ማልበስ። ውጤታማነቱ ከላይ ወደ ታች እየቀነሰ ይሄዳል። ጨዋታ በቀጥታ የሚነካው የታችኞቹን ሁለቱን፣ ማለትም የሰውን ባሕርይ ነው። መከለያ የሌለው የመጋዝ ማሽን አጠገብ «ዛሬ ስንት ጊዜ ተጠነቀቅህ?» ብሎ ነጥብ መስጠት የአሠሪውን ግዴታ ወደ ሠራተኛው ጫንቃ ማዞር ነው። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ግምት ከሥራ ጋር በተያያዘ በዓመት ወደ 3 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ይሞታል፤ ከዚህ ውስጥ 2.6 ሚሊዮን ያህሉ በድንገተኛ አደጋ ሳይሆን በሥራ ምክንያት በሚመጣ በሽታ የሚሞት ነው። በአቧራ፣ በኬሚካል ወይም በረጅም የሥራ ሰዓት የሚገደል ሰው ነጥብ ሰብስቦ አይድንም፤ የአየር ማስወጫና የሥራ ሰዓት ገደብ ያስፈልገዋል።

ይህን ሁሉ አመዛዝኖ የሚጀምር ድርጅት በአንድ ፈረቃና በአንድ ድርጊት ቢጀምር ይበቃዋል። ሕጎቹን ሠራተኞቹ ራሳቸው ቢያወጡ ማጭበርበሪያውን ከማንም በፊት ያውቁታልና ቀዳዳው ይደፈናል። ስልክ የሌለው ወይም ማንበብ የሚያስቸግረው ሰው በካርድና በሥዕል መጫወት አለበት፤ በኮንትራት የመጡትም እንዲሁ። ብዙ ጊዜ አደገኛው ሥራ የሚሰጠው ለእነሱ ሆኖ ሳለ ከጨዋታው የሚረሱት እነሱ ናቸው። ከጨዋታው የተሰበሰበ መረጃ ለደመወዝ ጭማሪም ሆነ ለቅጣት እንደማይውል በጽሑፍ መስፈር አለበት።

ለበላይ ኃላፊው አስቀድሞ ሊነገረው የሚገባ አንድ ነገር አለ። በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚመዘገበው ጥቃቅን ጉዳትና ለጥቂት የተረፉበት አደጋ ቁጥር ይጨምራል። ይህን ያልተነገረው ሥራ አስኪያጅ ደንግጦ ጨዋታው እንዲቆም ያዛል፤ የጨመረው ግን አደጋው ሳይሆን የሚነገረው ነው። ሁለቱን ለመለየት ብዙ ምርምር አያስፈልግም። የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥኑን ከፍቶ ማየት ይበቃል። ፕላስተሩና ፋሻው በየሳምንቱ እያለቀ መዝገቡ ላይ ጉዳት ካልተጻፈ፣ ሰው እየቆሰለ ዝም ብሏል ማለት ነው፤ ያኔ ሽልማቱን አቁሞ ሠራተኛውን ምን እንዳስፈራው መጠየቅ ይቀድማል።